በአንድሮይድ ስልክ የስክሪን ሴቲንግ ላይ የሚፈጸሙና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስልክ በመጠገን ሥራዬ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ፣ አንዳች ጉዳት ያልደረሰበት ስክሪን «ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ መቅረቡ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሪዞሉሽኑን (የስክሪኑን የፒክስል ብዛት) ቀይሮ ዴንሲቲውን (ፒክስሎቹ ምን ያህል የተጠጋጉ እንደሆኑ ለስልኩ የሚነግረውን ቁጥር) መርሳት ነው። አንድ ወጣት ጌም እንዲፈጥንለት ብሎ፣ 1080 በ2400 ፒክስል የነበረውን ስክሪን ኤዲቢ በሚባለው፣ ስልክን ከኮምፒውተር ለማዘዝ በሚያገለግለው ፕሮግራም ወደ 720 በ1600 አውርዶት መጣ፤ ዴንሲቲው ግን 480 ላይ እንዳለ ነበር። አንድሮይድ የፊደልንና የቁልፎችን መጠን የሚሰፍረው ዲፒ በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ይህም የሚገኘው ፒክስሉን በ160 አባዝቶ ለዴንሲቲው በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 360 ዲፒ የነበረው የስክሪኑ ወርድ ወደ 240 በመውረዱ፣ በላዩ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ተኩል እጥፍ አብጦ የፒን ቁጥር መጻፊያው የታችኛው ረድፍ ከስክሪኑ ውጭ ቀረ። ለውጡ ስልኩ ውስጥ ስለሚመዘገብ አጥፍቶ ማስነሳትም አልረዳውም። አስቀድሞ ያማከረው ባለሙያ ፋክተሪ ሪሴት እንዲያደርግ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ እንዲያጠፋ ነግሮት ነበር፤ ምክሩን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ የትም ያልተገለበጡትን የልጁን ፎቶዎች በሙሉ ባጣ ነበር። ደግነቱ ላፕቶፑ ለዩኤስቢ ዲበጊንግ (ስልኩን በኬብል ለማዘዝ) ቀድሞ ተፈቅዶለት ስለነበር፣ «ደብሊውኤም ሳይዝ ሪሴት» እና «ደብሊውኤም ዴንሲቲ ሪሴት» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች ስልኩን ወደ ነበረበት መለሱት። ሪዞሉሽኑን ወደ 720 የሚያወርድ ሰው ዴንሲቲውንም ወደ 320 ማውረድ አለበት፤ የቀድሞዎቹን ሁለት ቁጥሮች ሳይጽፉ መጀመር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ዴቨሎፐር ኦፕሽን በሚባለው የተደበቀ የሴቲንግ ክፍል ውስጥ «ስሞለስት ዊድዝ» የሚለውን ቁጥር (የስክሪኑን ጠባብ ጎን በዲፒ) የሚነኩ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ይረዱታል። ቁጥሩ በበዛ መጠን ፊደሉ ያንሳል።

ከድሮ መመሪያ የተቀዳ፣ የምስሉን ጠርዝ የሚያጠብበው ወይም የሚያሰፋው የኦቨርስካን ትእዛዝ በአንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ አይሠራም፤ ተወግዷል።

ቀጣዩን ስህተት እኔም ፈጽሜዋለሁ። ስክሪኑ በድንገት ጥቁርና ነጭ የሆነበትን ስልክ ከፍቼ ኬብሉን ነቅዬ ከመረመርኩ በኋላ፣ ምክንያቱ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ቀለም የሚያጠፋው ቤድታይም ሞድ ሆኖ አገኘሁት። ያለ ምክንያት የተከፈተ ስልክ እንደ መጀመሪያው አጥብቆ ላይገጥም ስለሚችል፣ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቤድታይም ሞድን፣ ከለር ኮሬክሽንን (ቀለም ማስተካከያውን) እና ከለር ኢንቨርዥንን (ቀለም መገልበጫውን) ሳላይ ብሎን አልፈታም። ስልኩ ሲነሳ የሚታየው የአምራቹ አርማ ቀለም ካለውና ቀለሙ በትክክል ከወጣ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከሴቲንጉ ነው።

ለወላጆቻቸው ስልክ የሚያስተካክሉ ልጆች ደግሞ፣ በፍቅር ተገፋፍተው የፊደሉንም መጠን፣ በ2016 ከአንድሮይድ 7 ጋር የመጣውንና ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳድገውን ዲስፕሌይ ሳይዝንም አንድ ላይ እስከ ጫፍ ይስቡታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጽሑፉ ይቆራረጣል፣ ቁልፎችም ከዕይታ ይወጣሉ። መጀመሪያ የፊደሉን መጠን ብቻ ይጨምሩ፤ አንድሮይድ 14 እስከ 200 በመቶ የሚፈቅድ ከመሆኑም በላይ አስቀድሞ ትልቅ የሆነውን ጽሑፍ በዚያው ልክ አያሳድገውም። ከዚያም ስልኩን ለእናትዎ ሰጥተው፣ እርስዎ ሳይነኩት አንድ ጥሪ እንዲያነሱና አንድ መልእክት እንዲያነቡ አጠገባቸው ተቀምጠው ይመልከቱ።