ሠሪው የሄደበት ዌብሳይት እንዴት ይጠበቃል?

ደሴ ፒያሳ ያለችው ቢሮዬ ለጥገና የሚመጡ የዎርድፕሬስ (ኮድ ሳይጻፍ ሳይት የሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር) ሳይቶች፣ አብዛኞቹ የተጠቁት በረቀቀ ጠላፊ አይደለም። ባለቤት አጥተው ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ይመረቅና ለሆቴሉ ወይ ለትምህርት ቤቱ ሳይት ሠርቶ ያስረክባል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ፓስወርዱም አብሮት ይሄዳል። ባለቤቱን «አፕዴት ተደርጎ ያውቃል?» ስትሉት «አብሽር፣ ይከፈታል እኮ» ይላችኋል። መከፈቱማ ይከፈታል፣ ለሁሉም ነው የሚከፈተው።

በጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሰርቨራቸው (ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ውጭ አገር ያለ ሳይቶች ዞር ብሎ የሚያያቸው ሳይኖር ለዓለም ክፍት ነበሩ። ክፍተት የሚፈልጉት ሮቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ደግሞ የአገር ሁኔታ አይጠይቁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለልጁ ደውሉ። የዶሜይኑን (የሳይቱ አድራሻ)፣ የሆስቲንጉንና (የሰርቨሩ አከራይ) የዳሽቦርዱን (ሳይቱ የሚስተካከልበት ገጽ) መግቢያ ተረከቡና የተመዘገበውን ኢሜይል ወደ ድርጅቱ ቀይሩት። ይህ ካልሆነ የሆስቲንጉ ማስጠንቀቂያ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይከማቻል።

ቀጥሎ ሳይቱን ከውጭ እዩት። ኮምቦልቻ ሆቴል ያላቸው አንድ ሐጂ አድራሻውን ስልካቸው ላይ ጽፈው ሲገቡ የአልጋ ዋጋቸውን ያለ እንከን ያያሉ፤ ከጎግል የሚመጣ እንግዳ ግን ቁማር ቤት ይገባ ነበር። የተደበቀው ኮድ ጎብኚው ከየት እንደመጣ እየለየ ነው የሚያታልለው። ለማጣራት ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብላችሁ ኮለን አስከትሉና፣ ክፍተት ሳትተዉ አድራሻችሁን ጻፉ። ያልጻፋችሁት የጃፓንኛ ጽሑፍ ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ከመጣ ተይዛችኋል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉንም ዳታቤዙንም (የሳይቱ ጽሑፍና መረጃ የሚቀመጥበት) ባክአፕ አድርጉና ወደራሳችሁ ሃርድ ዲስክ አውርዱት። ሰርቨሩ ላይ አትተዉት! ዚፑ የሕዝብ ፎልደር ውስጥ ከቀረ ስሙን የገመተ ሁሉ ያወርደዋል። ኮንፊግ የሚባለውን የሳይቱን ቅንብር የያዘ ፋይል ኮፒ አድርጎ መጨረሻው ላይ «ኦልድ» ወይም «ባክ» ብሎ መተው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ዋናውን ፋይል ሰርቨሩ እንደ ፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ስለሚያስኬደው ይዘቱ አይታይም፤ ቅጂውን ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ጽሑፍ ከነዳታቤዝ ፓስወርዱ ያሳየዋል።

አሁን ቀንሱ። ሰዉ የደኅንነት ፕለጊን (ለሳይቱ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ቅጥያ) ጫንልኝ ይለኛል፤ እኔ መጀመሪያ የማደርገው ማጥፋት ነው። የማትጠቀሙበትን ፕለጊንና ቲም (የሳይቱን መልክ የሚወስነው) ዲአክቲቬት ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ ዲሊት አድርጉት። ዲአክቲቬት የተደረገ ፕለጊን ሳይቆለፍ ገርበብ እንዳለ በር ነው፤ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ስላለ በቀጥታ ሊጠራ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከ700,000 በላይ ሳይቶች ላይ የተጫነው ፋይል ማኔጀር የተባለ ፕለጊን ክፍተት ተገኝቶበት፣ ማንም ሳይገባ ፋይል የሚጭንበት ሆኖ ነበር። ማስተካከያው 6.9 ቁጥር ላይ ወጣ፤ አፕዴት ላላደረገ ግን አልወጣም ማለት ነው።

ከቴሌግራም ቻናል በነፃ የወረደ የተሰበረ (ክፍያው የተዘለለ) ቲምስ? እሱን አታጽዱት፣ ጣሉት። የሚከፈልበትን በነፃ የሚያድል ሰው ብዙ ጊዜ ውስጡ የራሱን መግቢያ ትቷል። ከዎርድፕሬስ የራሱ ማውጫ ነፃውን ውሰዱ።

አፕዴት ላይ ደሴ የምሰማው ሰበብ ኔትወርክ ነው። ፋይሉን የሚያወርደው ግን ሰርቨሩ እንጂ የእናንተ ዳታ አይደለም። መሃል ላይ ተቋርጦ ሳይቱ «ጥገና ላይ ነው» እያለ ከቀረ፣ ዋናው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምረውን «ሜንቴናንስ» የሚል ፋይል አጥፉና አፕዴቱን እንደገና ሞክሩ። ዎርድፕሬስ ከ3.7 ቁጥር ጀምሮ ትንንሾቹን አፕዴቶች በራሱ ይሠራል፤ ፕለጊኖችን ግን ከ5.5 ወዲህ በመጣው ማብሪያ ራሳችሁ አብሩ። ሆስቲንጉ ላይ የፒኤችፒውንም ቁጥር እዩ፣ 7.4 ድጋፉ ያበቃው ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ነው።

ፓስወርድ ላይ ብዙ አልልም። ዩዘርኔሙ «አድሚን»፣ ፓስወርዱ የሆቴሉ ስምና 2012 ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት አይደለም። ረጅም ይሁን፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ፣ ለምሳሌ ስልክ ላይ የሚታይ ኮድ) ይጨመርበት። የሄዱ ሠራተኞችን አካውንት አጥፉ፤ ፎቶ ብቻ የሚጭነው የእንግዳ ተቀባይ አካውንት አድሚን መሆን የለበትም። ፎቶ የሚቀመጥበት አፕሎድስ ፎልደር ውስጥም ፒኤችፒ እንዳይሠራ ሆስቲንጉን ጠይቃችሁ አስዘጉ፤ እዚያ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል ካገኛችሁ ጠርጥሩ።

ቀድሞ ከተጠቃ ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይበቃም። የማታውቁትን አድሚን ሰርዙ፣ ዎርድፕሬስንና ፕለጊኖቹን ከንጹሕ ቅጂ መልሳችሁ ጫኑ፣ የዳታቤዙን ፓስወርድ ለውጡ። ከዚያ ኮንፊግ ውስጥ ያሉትን ምስጢራዊ ቁልፎች በአዲስ ተኩ፤ ያኔ ገብቶ የተቀመጠው ሁሉ፣ እናንተም ጭምር፣ ይወጣል። ጎግል ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ላይ ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ከጸዳ በኋላ ድጋሚ እንዲታይ ጠይቁ። የቁማር ገጾቹ ከፍለጋው ወዲያው አይጠፉም፤ ሐጂም ለጥቂት ጊዜ «አሁንም አለ እኮ» እያሉ ደውለውልኛል።