መኪናዋ 20 ስትል ቆጣሪው 29 የሚለው ለምንድን ነው?
የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቻርጅ ላይ ስታድር ስክሪኗ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገባ ይላል፤ የቤቱ ካርድ ቆጣሪ ግን 29 ቀንሶ ያድራል።

መጀመሪያ ፍጆታ የሚለካ የዋይፋይ ሶኬት ገዛሁ። አቅሙ 10 አምፔር ብቻ ስለነበር በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋለ፤ ነቀልኩት። (እባካችሁ አትሞክሩት።) ከዚያ ማታና ጠዋት የቆጣሪውን ንባብ በደብተር መዘገብኩ፤ የፍሪጁና የቦይለሩ አብሮ ስለሚገባ ምንም አልለየልኝም።

የሠራው ይህ ነው፦ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ለቻርጀሩ ብቻ የተለየ መስመር አስዘረጋሁ፤ ከ32 አምፔሩ ብሬከር ቀጥሎም ባለአንድ ፌዝ ዲጂታል ቆጣሪ አስገጠምኩ። በማግስቱ 22.6 አነበብኩ። ከ20 በላይ ያለው በአብዛኛው ኤሌክትሪኩ ለባትሪው ወደ ዲሲ (ባትሪ ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ኮረንቲ) ሲቀየር በሙቀት የሚባክን ነው፤ የእኔ መኪና ስክሪን ይህን አይቆጥርም።

የቀረው 6.4? ከፍሪጁ ጋር ሳይጠፋ የሚያድረው ቦይለር። አሁን ስተኛ አጠፋዋለሁ።