ገብስን ከአውድማ እስከ በሶ ከሻጋታ መርዝ መጠበቅ

የሻገተ ገብስ ሲቆላ ሽታው ይጠፋል፤ መርዙ ግን አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አፍላቶክሲንና ኦክራቶክሲን የሚባሉትን የሻጋታ መርዞች የምጣድ ሙቀት ይቀንሳቸው እንደሆነ እንጂ አያጠፋቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ላልተዘጋጀ እህል የፈቀደው የኦክራቶክሲን ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው፤ ይህን የሚያክል ነገር በዓይንም በምላስም አይለይም። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ምጣድ ከመጣዱ በፊት ነው።

1. ገብሱን መምረጥ

ለበሶና ለቆሎ ምርጫ ካላችሁ ጠመጅ ወይም ሰነፍ ገብስ ያዙ። የጠመጅ ቅርፊት ውቂያ ላይ ስለሚለቅ ብዙ መሸክሸክ አያስፈልገውም። ፉዛሪየም የሚባለው ሻጋታ ማሳ ላይ ሳለ የሚተወው መርዝም በብዛት ከቅርፊቱ ጋር ይሄዳል። ጉዳቱ፣ ፍሬው ራቁቱን ስለሆነ በውቂያ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፍሬ ደግሞ ለሻጋታ የተከፈተ በር ነው። ቀስ ብላችሁ ውቁት።

2. አጨዳና ውቂያ

እርጥብ ነዶ አይከመርም። ኅዳር ላይ ዝናብ ከመታውና እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ስትከቱ ሙቀት ከተሰማችሁ፣ ፈትታችሁ አናፍሱት። ውቂያው ባዶ አፈር ላይ ከሚሆን ሸራ ላይ ቢሆን ይሻላል።

3. ማድረቅ

ጎተራ የሚገባ ገብስ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ 12 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ በየቤቱ የለም። ብዙዎች በጥርስ ሰብረው «ቀጭ» ካለ ደርቋል ይላሉ። ፀሐይ ላይ የዋለ እህል ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል እኔ በጥርስ ብቻ አላምንም።

የጨው ሙከራ ይሻላል። ክዳኑ የሚገጥም፣ የታጠበና በደንብ የደረቀ የብርጭቆ ማሰሮ እስከ ሲሶው ገብስ ሙሉበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ናጡትና ሩብ ሰዓት ተዉት። ጨው ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ፣ የገብሱ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው።

ሙከራው የሚበላሸው በትንንሽ ነገር ነው። ጨው ራሱ እርጥበት ይስባል፤ መጀመሪያ ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። ናሙናውን ከላይ ብቻ አትውሰዱ፤ ከመሐልና ከሥር ዘግናችሁ ቀላቅሉ፤ እህሉም ከፀሐይ ወጥቶ ይቀዝቀዝ። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ጨው አልያዘም፣ ደርቋል» ብሎ ወዲያው ጆንያ ውስጥ መክተት ነው። ጨው አልያዘም ማለት ከ15 በታች ነው ማለት ብቻ ነው። በ13 እና በ15 መካከል ያለ ገብስም ወራት ሲቀመጥ ይሻግታል። ሙከራውን ካለፈ በኋላ ሌላ አንድ ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ይምታው።

ስታሰጡት ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አይወፍር፤ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰብስባችሁ ሸፍኑት፤ የደጋ ጤዛ ቀን የደረቀውን ሌሊት መልሶ ያረጥበዋል።

4. ለቀማ

የቀለም ለውጥ ያለበትን፣ የተጨማደደውንና የተሰበረውን አውጡ። ከገብስ ጋር የሚበቅለውን የዱር አጃ፣ ስናርን፣ በተለይ አትለፉ። ስናር ላይ ከፍሬው ቦታ ጥቁር ሐምራዊ፣ ረዘም ያለ ጠንካራ ነገር ይበቅላል፤ ኤርጎት ይባላል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአርሲ የሰዎች ጣትና እግር እየጠቆረ የተቆረጠው በኤርጎት የተበከለ እህል በመብላታቸው ነው። ባሕር ማዶ ያለ ታሪክ አይደለም። እህሉን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚንሳፈፈውን መግፈፍ ይረዳል፤ ግን የሚቆላበት ዕለት ብቻ ይሁን። ነክሮ መልሶ ለማስቀመጥ መሞከር ሦስተኛውን ደረጃ እንደገና መጀመር ነው።

5. ማስቀመጥ

ጆንያው መሬትም ግድግዳም አይንካ፤ ከሥሩ እንጨት ይረብረብ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ስለሚገድል ዋጋውን ያወጣል፤ ነቀዝ ሲበዛ እህሉን አሙቆ ሻጋታን ይጠራልና። የጉድጓድ ጎተራ ግን አልመክርም፤ እርጥበት ከዳር ይገባዋል።

6. መሸክሸክና መፍጨት

መሸክሸክ ላይኛውን ንብርብር ሲያነሣ መርዙን ይቀንሳል፤ ከብረትና ከዚንክም ይወስዳል። ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚባለው ቤታ ግሉካን የተባለው የገብስ አሰር ግን ፍሬው ውስጥም ስላለ አብዛኛው ይተርፋል። በቀን 3 ግራም ከተገኘ ለልብ ይጠቅማል። ገብሱ ንጹሕ ከሆነ ታዲያ አብዝታችሁ አትሸክሽኩት። የበሶ ዱቄት በትንሽ በትንሹ አስፈጩ።

በለቀማ የወጣውን «ለጠላ ይሆናል» አትበሉ፤ መጥመቅም መርዙን አያወጣውም። ለምትታለብ ላምም አትስጡ። የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ ተለውጦ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ያን ወተት አስቀድሞ የሚጠጣው ደግሞ ሕፃኑ ነው። ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።