ባሕር ዳር አዲስ ናችሁ? ፏፏቴውን ለክረምት አቆዩት

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው ጢስ ዓባይ የሄድኩት። ሚያዝያ ነበር። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል አቧራ ጠጥቼ፣ ትኬት ቆርጬ፣ ላቤን እየጠረግኩ ስደርስ ያየሁት ከገደሉ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። «ጢሱ የታል?» አልኩት መንገድ የሚያሳየኝን ልጅ። «ጢስማ ክረምት ነው ጋሼ» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የከተማው ነዋሪ ሆኜ ሳለ እንደ አንድ ቀን እንግዳ ተጣደፍኩ። እናንተ ዓመቱ ሙሉ አላችሁ፣ ስለዚህ ከቤታችሁ ደጅ ጀምሩ።

መጀመሪያ በእግር። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱና ሐይቁን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ባጃጅ አትያዙ። በዚያ ሰዓት ጣና እንደ መስታወት ነው። ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ታያላችሁ። ታንኳው የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፣ ሙያው ደግሞ የነገደ ወይጦዎች ነው። ሲሠሩ ካገኛችሁ ሰላም በሉና ቆማችሁ እዩ፣ ፎቶ ግን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ዋና ያማራችሁ ደግሞ ታገሱ፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ልጆች ሲዋኙ ስላያችሁ ብቻ ዘላችሁ አትግቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዓባይ ድልድይ። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፣ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ረጅም ጉዞውን የሚጀምረው እዚሁ ነውና ትንሽ ቆም በሉ፣ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም አፍንጫውን ብቅ ያደርጋል። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፣ ስለዚህ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ወንዙ ዳር መንሸራሸር ይቅርባችሁ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ላዩ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፣ እኔ ግን የምወደው ቁልቁል የሚታየውን ነው፤ ወንዙ፣ ዘንባባው፣ ከተማው። ዳገቱ ለጉልበት ደህና ነው፣ ውኃ ያዙ እንጂ።

አሁን ጀልባ። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን የሚያድን ምክር ልስጣችሁ። ጀልባ የሚከራየው ሙሉውን ነው፣ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ የስድስት ሰው ትከፍላላችሁ። የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ዘመድ፣ ያገኛችሁትን ሰብስቡ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ ስንት ቦታ እንደሚያቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ መመለሻውን ጨምሮ መሆኑን አንድ በአንድ ተነጋገሩ። እኔ «መመለሻውስ?» ሳልል ተሳፍሬ ምን እንደከፈልኩ አልነግራችሁም። የሕይወት ጃኬት ከሌለው አትውጡ። ደግሞ በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያንገላታል።

የት? ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጌ፣ ወደ ሐይቁ የገባው ባሕረ ገብ መሬት። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባበትም፣ ከእህታችሁ ወይም ከሚስታችሁ ጋር ከሆናችሁ ቀድማችሁ እወቁት፤ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደስ አይልም። ነጠላ ያዙ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታችሁ ቶሎ አትመለሱ። በዘጌ በገዳሙ ሥርዓት ማረስ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ጫካው እስከዛሬ አለ። በቡናው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጦጣ ከላይ እየዘለለ፣ አንድ ሁለት ሰዓት መራመድ ለኔ ከየትኛውም መዝናኛ ይበልጣል። ቡና ተፈልቶ ካገኛችሁ አትለፉት። ስትመለሱ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ብሉ፣ በእጅ፣ በዳጣ።

ከከተማ ስትወጡ ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ቀን ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይበቃም። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችና የሰፈራችሁ ባጃጅ ነጂ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ ወዳጅ አድርጉ፣ ስልኩን ያዙ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ያስፈልጋችኋል። ማታ ማታ ደግሞ አጎበር። ባሕር ዳር ወባ አለ።

ጢስ ዓባይስ? ውኃው ለኤሌክትሪክ ስለሚሄድ በበጋ ይከሳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ገና ከሐይቁ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ሂዱ። በአላታ ድልድይ በኩል ያለውን የእግር መንገድ ምረጡ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ገበሬው ዛሬም ይሻገርበታል። በዚያ ወቅት ጭቃው ያንሸራትታል፣ ቦቲ ወይም ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፣ ዱላም ተከራዩ። ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉት። ፏፏቴው ፊት ለፊት ስትቆሙ ጢሱ ያረጥባችኋል።