አዝማሪ ቤት ለሴት ጓደኛ ግጥም ሲሰጥ

ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት ጀምሮ አዝማሪ ቤት እወዳለሁ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ማሲንቆ የያዘው ሰውዬ ወንዶቹ ጋ ሲደርስ ጀግና፣ ለጋስ፣ የወገን መከታ ይላል። እኛ ጋ ሲደርስ ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገት፣ ወገብ። አለቀ። (እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወገቤ ምን አደረገ?)

አዝማሪ የተሰጠውን ይዘፍናል። ስለዚህ ቀድማችሁ ስጡት። የጓደኛችሁን ስም ሲጠይቅ ሥራዋንም ንገሩት። ከዚያ «ተቀበል!» ብላችሁ ሁለት ስንኝ አቀብሉት። አጭር ይሁን፣ ቤት ይምታ፤ ከረዘመ መሀል ላይ ይጠፋበታል። አዋላጅ ነርስ ለሆነች ጓደኛዬ የሰጠሁት ይኸው፦

ወገቧን ተውና እጇን አወድሰው፤
ስንት ልጅ ተቀብሎ ለዓለም አደረሰው።

ሴትን የሚነካ ቀልድ ከጣለ አትኮሳተሩ፤ በግጥም መልሱለት። ቤቱ የሚያጨበጭበው ጥሩ ለመለሰ ነው።

ሽልማቱን ደግሞ ራሷ ግንባሩ ላይ ትለጥፍ። ዋናው እሱ ነው። ብሩ ከወንድ ኪስ ሲወጣ ውዳሴውም ወደዚያው ይዞራል። ከእሷ እጅ ሲመጣ ግን ያቺ «ለጋስ» የምትባለው ነገር ወዲያው ትገኛለች። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ።