በቴሌግራም የተላከው ሴቭ አልከፍት ሲል (ሲቪላይዜሽን 6)

ሲቪላይዜሽን 6 በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ ከልጆቹ ጋር ሮምን በየተራ እየገዛን ነው፣ ትራጃንን (የሮም መሪውን) ይዘን፣ አንዱ 20 ተርን (ዙር) ይጫወትና ሴቩን፣ ማለትም ጨዋታው የቆመበትን የሚይዘውን ፋይል፣ በቴሌግራም ለቀጣዩ ያስረክባል። የመጀመሪያው ርክክብ ላይ ታዲያ ጉድ ፈላ፣ ፋይሉን ዶክመንትስ ውስጥ ባለው የጌሙ ፎልደር ሴቭስ ከዛ ሲንግል ውስጥ ከተትኩት ግን ጌሙ ላይ ጭራሽ አይታይም። ለካ የኔ ዊንዶውስ ዶክመንትስን ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት ኦንላይን ማከማቻ) ፎልደር አዙሮታል፣ ጌሙ የሚያነበው እዛ ያለውን ነው። እዛ ሳዞረው ታየ፣ ግን አሁንም አልጫን አለ!

ልጆቹ ፋይሉ ተበላሽቷል አሉ፣ እንደገና ላኩልኝ፣ ያው ነው። ችግሩ ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ነበር። ጨዋታው ሲጀመር በርተው የነበሩ ሞዶችና ዲኤልሲዎች (ለብቻ የሚሸጡ የጌሙ ተጨማሪዎች) ሴቩ ውስጥ አብረው ይመዘገባሉ፣ አንዱ ከጎደለህ ላይከፍትልህ ይችላል። ጨዋታውን የጀመረው ልጅ የንግድ መስመር በደንብ የሚያሳይ ሞድ ነበረው (ለሮም የግድ ነው ባይ ነው፣ እኔ አልስማማም)። ያንኑ ከስቲም ወርክሾፕ (ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ሞድ የሚወርድበት ቦታ) አውርጄ ጌሙን ዘግቼ ስከፍተው ወዲያው ገባ።

የጎደለው ዲኤልሲ ከሆነ ግን ወይ መግዛት ነው ወይ ከዜሮ መጀመር፣ ስለዚህ ሮም ሳትመሰረት ሁላችሁም ያላችሁን አስተያዩ።