ውድ ሽቶ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን ሞክሩ

ኒሽ የሚባሉትን፣ ለብዙኃኑ ሳይሆን ለጥቂት ደንበኛ የሚሠሩትን ውድ ሽቶዎች ልትገዙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ 2 ሚሊ ሊትር ናሙና ፈልጉ። ከምትከፍሉት ብር ብዙው ለወሬው ነው።

ለምሳሌ ሞለኪውል 01 የሚባለውን ሽቶ እንመልከት። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መዓዛ ሰጪው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይሶ ኢ ሱፐር ይባላል። በፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን በብዙ ተራ ሽቶዎችም ውስጥ ይገባል። ሲሸጥ ግን "በየሰው ገላ ላይ የተለየ ይሸታል" ተብሎ ነው። የተቀቡትን ብትጠይቁ አንዷ "ሰው ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው ይለኛል" ትላለች፤ ሌላዋ ምንም አልሸተታትም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዳንድ አፍንጫ ይህን መዓዛ ጨርሶ አይለየውም።

ሌ ላቦ የሚባለው ሽቶ ቤት ደግሞ እዚያው ፊታችሁ ቀምሞ ስማችሁን ጠርሙሱ ላይ ያትምላችኋል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዙፉ የመዋቢያ ኩባንያ የኤስቴ ላውደር ንብረት ነው፤ "ትንሽ የእጅ ሙያ ቤት" የሚለውን ነገር በልኩ ስሙት።

ናሙናውን ወረቀት ላይ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ንፉት። ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ እያለ አትወስኑ። ወጣ ብላችሁ ጉዳያችሁን ጨርሱና ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ አሽትቱት። ካልሸተታችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።